የስፌት መኪናዬና የኑግ ዘይቱ

እህቶቼ፣ በቤታችሁ የልብስ ስፌት መኪና አለ? ካለ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የጸዳውና ዘይት የጠጣው መቼ ነው? ይህን መጠየቄ ባለሙያ ነኝ ለማለት አይደለም። እኔ የሠራሁትን ስሕተት እንዳትደግሙት ብዬ ነው።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። በእግር የሚረገጠውን ሲንጀር ያወረሰችኝ የአንኮበር ተወላጅ የነበረችው እናቴ ናት። የጎረቤቱን ቀሚስና የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች አምስት ልጆች አሳድጋበታለች። እኔም ከሥራ መልስ እየሰፋሁ የቤቴን ጎዶሎ እሞላበታለሁ።

አንድ ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ የዩኒፎርም ሥራ በተደራረበበት ሰዓት፣ መዘውሩ እየከበደ ሄዶ ጭራሽ አልዞር አለ። ያን ሰሞን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄ ስፌት ትለማመድበት ነበር። «አንቺ ነሽ የሰበርሽው!» አልኳት። ብትምል ብትገዘት አላመንኳትም። ያን ዕለት እራቷን ሳትበላ እያለቀሰች ተኛች። እኔም በንዴት ቆራሌ ጠራሁ፤ የሰጠኝ ዋጋ ግን አንጀቴን አሳረረው። ባለቤቴ «መጀመሪያ ለባለሙያ አሳዪው» ብሎ ባይመክረኝ ኖሮ የእናቴ መኪና ብረት ሆኖ ተሽጦ ነበር።

የጎረቤታችን አዛውንት ልብስ ሰፊ መጥተው የመርፌውን መቀመጫ ብረት ፈቱ። «ልጄ፣ ምን ዘይት ነው የምታጠጪው?» አሉኝ።

«የወጡን ነው ጋሼ፣ የኑግ ዘይት።»

«በይ እንግዲያው መኪናሽ አልሞተም፤ ታፍኖ ነው» አሉና እንደ ሙጫ የተጣበቀ ቡናማ ነገር በጣታቸው አሳዩኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኑግ ዘይት አየር ሲያገኘው ውሎ አድሮ ይወፍራል፤ እንደ ቀለምም ይደርቃል። የክር ብናኝ ሲጨመርበት ጭቃ ይሆናል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍታ በላይ ስለሆነች፣ ብርዱ የወፈረውን ይብስ ያጠነክረዋል። የስፌት መኪና ዘይት ግን ቀጭንና ጥርት ያለ የማዕድን ዘይት በመሆኑ እንደዚያ አይደርቅም።

እሳቸው ያሳዩኝን ልንገራችሁ። መኪናው የኤሌክትሪክ ከሆነ አስቀድማችሁ ሶኬቱን ንቀሉ። መርፌውን አውጡ፤ የመርፌውን መቀመጫ ብረት በካቻቢቴ ፍቱ፤ የታችኛው ክር የሚቀመጥበትን ቤት አውጡ። ጨርቅ በሚስበው ጥርስ መካከል ያለውን ብናኝ በደረቀ የጥርስ ብሩሽ ጥረጉ። በአፋችሁ አትንፉት፤ ብናኙን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፣ እርጥበቱም ዝገት ያመጣል።

ዘይቱ እንደ እኔው ደርቆባችሁ ከሆነ፣ ጥቂት ነጭ ጋዝ በተጣበቀው ብረት ላይ ጠብ አድርጋችሁ ጥቂት አቆዩት፤ መዘውሩን በእጅ ወዲህና ወዲያ በቀስታ እያላቀቃችሁ ጥረጉት። ይህን የምታደርጉት ደጅ፣ ከምድጃና ከከሰል ርቃችሁ፣ ሕፃናትም በሌሉበት ይሁን። የኤሌክትሪክ ከሆነ ግን ለባለሙያ ተዉት። ነጭ ጋዝ ያጸዳል እንጂ አያለሰልስም፤ ስለዚህ በደንብ ከተጠረገ በኋላ በየዘይት ቀዳዳው አንዳንድ ጠብታ የመኪና ዘይት ጨምሩና መዘውሩን አዙሩ። የቆዳውን ጠፍር ዘይት አታስነኩት፤ ይንሸራተታል። በመጨረሻም ዘይት ማውጣቱን እስኪተው ድረስ በቁራጭ ጨርቅ ላይ ስፉ፤ አለዚያ የሰው ልብስ ታበላሻላችሁ።

ቀኑን ሙሉ የሚሰፋ ሰው በየቀኑ ብናኙን ይጥረግ። አልፎ አልፎ የምንሰፋም ብንሆን፣ ቆሞ የከረመን መኪና ዘይት ሳናጠጣ አንርገጠው።

የዚያን ቀን ማታ መኪናው እንደ ድሮው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲሠራ ልጄን ጠርቼ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅር በይኝ» አልኳት። ለልጅ ይህን ቃል መናገር እንዴት እንደሚከብድ እናት ሁሉ ታውቀዋለች። እሷ ግን ምንም ሳትል ብሩሹን ከእጄ ተቀበለችኝ። ዛሬ የአያቷን መኪና የምታጸዳው እሷ ናት።

እህቶቼ፣ በቤታችሁ አንድ ዕቃ እምቢ ሲላችሁ ልጅ ከመቆጣታችሁና ቆራሌ ከመጥራታችሁ በፊት፣ እስቲ መጀመሪያ ከፍታችሁ እዩት።