ጀግና የማይፈልግ ጀልባ

ሲያትል የምንኖር አራት ጓደኛሞች ነን። ጀልባ አለን። ይህን ስንል መጀመሪያ የሚመጣው ሳቅ ነው። ቀጥሎ «ከመቼ ወዲህ ሀብታም ሆናችሁ?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። ሀብት የለም ወዳጆች፣ ያለው ዕቁብ ነው። ጀልባችን ከአሮጌ ቶዮታ ባነሰ ዋጋ የተገዛች፣ በዕድሜ ሁላችንንም የምትበልጥ ካታሊና 22 ናት። ፍራንክ በትለር እ.ኤ.አ. በ1969 የነደፋት ዓይነት ስትሆን ርዝመቷ 6.5 ሜትር ገደማ ነው። ከ15,000 በላይ እህቶች ስላሏት ብርቅ አይደለችም። ለእኛ ግን ብርቅ ናት።

ባሕር ላይ አላደግንም። ገሚሶቻችን የተወለድነው አገራችን እ.ኤ.አ. በ1993 ወደብ አልባ ከሆነች በኋላ ነው። የውሃ ልምዳችን ሶደሬና ጣና ላይ በሞተር ጀልባ መሻገር ነበር። ስለዚህ ቋንቋውን ከሀ ሁ ጀመርን። ሸራውን ወደ ላይ የሚስበው ገመድ «ሃልያርድ» ይባላል፤ ሸራውን የሚያጠብቀውና የሚያላላው ደግሞ «ሺት»። (ሺት ሸራው ይመስላችኋል አይደል? አይደለም፣ ገመዱ ነው።) ምሰሶውን ደግፈው የሚይዙት የብረት ሽቦዎች ባሉበት የሚቆሙ ናቸው። የዛሬው ወሬያችን ስለሚንቀሳቀሱት ነው።

በዘመኗ እንደነበሩ ብዙ ትናንሽ ጀልባዎች፣ የእኛዋም ሃልያርዶች የሚታሰሩት ምሰሶው ሥር ነበር። አሠራሩ ሞኝነት አይደለም፤ ገመድ ብዙ ካልታጠፈ ሰበቃው ያንሳል፣ ሸራውም ቀልሎ ይወጣል። ጣጣው የሚመጣው ነፋስ ሲበረታ ነው። ሸራ መውረድ ያለበት ጀልባዋ በምትናጥበት ሰዓት ነውና፣ አንድ ሰው ከመቀመጫው ተነስቶ፣ እርጥብ ጣሪያ ረግጦ፣ ምሰሶው ዘንድ መድረስ አለበት። ያ ሰው ሁልጊዜ አንድ ሰው ነበር። ቀጭኑና ቀልጣፋው ጓደኛችን «እኔ እሄዳለሁ» ይላል፣ እኛም «ጎበዝ!» እንላለን።

ባለፈው ዓመት ጓደኛችን አባት ሆነ። ሚያዝያ ውስጥ አንድ ቀን፣ ዋሽንግተን ሐይቅ ላይ ነፋሱ ሲነሳ፣ እንደ ልማዳችን ሁላችንም ወደ እሱ ዞር አልን። ተነሳ፣ ሄደ፣ ሸራውን አወረደ። ተመልሶ ሲቀመጥ «ከዛሬ ወዲያ አልሄድም» አለ። አልተቆጣም፣ ድምፁንም ከፍ አላደረገም። የፀደይ ውሃ እዚህ ቀዝቃዛ ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ ድንገት የወደቀ ሰው መጀመሪያ የሚያጣው ትንፋሹን ነው፤ ዋናተኛ ቢሆንም።

ያን ማታ ራይኒየር ጎዳና ላይ ቡና ይዘን ተከራከርን። አንደኛው ሐሳብ «በተራ እንሂድ» የሚል ነበር። ፍትሐዊ ይመስላል። ግን ተራ ማውጣት አደጋውን ያካፍላል እንጂ አይቀንሰውም። ሁለተኛው ሐሳብ ማንም መሄድ እንዳያስፈልገው ገመዶቹን ወደ መቀመጫው ማምጣት ነው። የዚያ ዙር ዕቁብ ለአዲስ ሸራ ታስቦ ነበር። ሸራው ይቆይ ተባለ።

ጀልባዋን በተጎታች አንዳችን ግቢ አስገብተን ምሰሶዋን አስተኛን። አሮጌው ሃልያርድ ግማሹ የብረት ሽቦ ነበር፤ የተበጣጠሱት ክሮቹ እጅ ይወጋሉ። በዳይኒማ ገመድ ተካነው። ዳይኒማ የሚሠራው ከፖሊኢትሊን ነው፤ ከፌስታላችን ጋር ዘመድ ነው ማለት ነው። ሆኖም በክብደት ሲመዘን ከብረት ይጠነክራል፣ ሲሳብ እምብዛም አይለጠጥም፣ ውሃ ላይም ይንሳፈፋል። ዐመሉ ማሟለጩ ነው፤ ተራ ቋጠሮ ላይዝ ይችላል። ስለዚህ ጫፉን ራሱ ውስጥ መልሶ መሸመን ተማርን። ምሰሶው ጫፍ ላይ ያለውን ፑሌጃም ቀየርነው። ለሽቦ የተሠራ ጠባብ ቦይ ለስላሳ ገመድ ይበላልና።

ገመዱ ምሰሶው ሥር በሌላ ፑሌጃ ይታጠፍና ወደ ኋላ ይመጣል። እዚህ ላይ ሒሳብ አለ። ገመድ 90 ዲግሪ ሲታጠፍ፣ ፑሌጃው የሚሸከመው የገመዱን ኃይል 1.4 እጥፍ ያህል ነው። ያ ሁሉ ኃይል ጣሪያውን ወደ ላይ ሊነቅል ስለሚታገል፣ ፑሌጃዎቹን ያሰርናቸው ምሰሶው ከቆመበት ብረት ጋር ነው። ጣሪያው በሁለት የፋይበርግላስ ንጣፎች መሃል እንጨት አለው። በትራፓኖ የበሳነው ቀዳዳ ሁሉ ውሃ ካስገባ እንጨቱ ይበሰብሳል። ስለዚህ አስፍተን በሳን፣ በኢፖክሲ ሞላን፣ ሲደርቅ ደግመን በሳን። ከዚያ ብሎን፣ ሰፊ ሮንዴላ፣ ዳዶ። አሰልቺ ነው፤ ግን ሥራው ይኸው ነው።

ለፊተኛው ሸራም ወደ ታች የሚጎትተው ቀጭን ገመድ ጨመርን። ዋናውን ሸራ በከፊል አጥፎ ማሳነሻውንም ወደ መቀመጫው አመጣን። በመጨረሻ አምስት ገመድ እጃችን ሥር ተሰለፈ። በቀለም እንለያቸው ሲባል አንዷ «አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ!» አለች። ኮከብ ይኑረው አይኑረው የሚለው ክርክር ሳይጀመር ሰማያዊና ነጭ ገዛን። ሰላም ሆነ።

ነፃ ነገር የለም። በየመታጠፊያው ሰበቃ ስላለ ሸራ ማንሳት ከድሮው ይከብዳል። አራት እጥፍ ጉልበት የሚሰጥ የፑሌጃ ስልት አንድ ሜትር ለመጎተት አራት ሜትር ገመድ ያስስባል። መቀመጫው አካባቢም ገመድ እንደ ስፓጌቲ ይከመራል። በለውጡ ግን ከመካከላችን አጭሯና ዋና የማትችለው ጓደኛችን፣ ላይፍ ጃኬቷን እንደለበሰች፣ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ ሸራውን ታወርዳለች። አባትየው መሪውን ይዞ ያያታል።

እኛ ሐበሾች ጀግና እንወዳለን። ዕድሩን፣ ማኅበሩን፣ ቤተሰቡን አንድ «እኔ እሄዳለሁ» የሚል ሰው ይሸከመዋል፤ እኛም እናጨበጭብለታለን። እስኪደክመው፣ ወይም እስኪወድቅ። ያኔ «ምን ሆኖ ነው?» እንላለን። የእናንተን ጀልባ አናውቅም። ግን ነፋስ በተነሳ ቁጥር ሁሉም ዓይን ወደ አንድ ሰው የሚዞር ከሆነ፣ ያን ሰው ከማመስገን አስቀድሞ ገመዱ የት እንደታሰረ ማየት ይሻላል።