ቀይ ሹራብ በጥቁርና ነጭ

ቤታችን ውስጥ እልባት ያጣ አንድ ክርክር አለ። እማዬ፣ ታላቅ እህቴ በ1970ዎቹ አባባ ተስፋዬ ዘንድ ቀርባ በቴሌቪዥን የጅብና የአህያ ተረት አውርታለች ትላለች። አጎቴ ደግሞ «ያወራችውስ ሌላ ልጅ ናት» እንዳለ፣ ሳይረታ ሞተ። እኔ ያኔ አልተወለድኩም፤ ተረቱን ግን ከእማዬ አፍ እየሰማሁ ነው ያደግሁት።

ቅጂው ቢገኝ ነገሩ ያከትም ነበር። አባባ ተስፋዬ፣ በሙሉ ስማቸው ተስፋዬ ሳህሉ፣ ቴሌቪዥናችን ከማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ሥርጭት ከጀመረበት ከ1957 ዓ.ም. አንስቶ ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት አውርተዋል። ዩቲዩብ ላይ ያገኘሁት ግን ፀጉራቸው ከሸበተ በኋላ ያለውን፣ ባለቀለሙን ነው። ቀድሞ ቴፕ ውድ ስለነበር ጣቢያዎች በአንዱ ላይ ሌላ ይቀዱበት ነበር። እሳቸውም ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. አርፈዋል። ቢኖሩስ ከዚያ ሁሉ ልጅ መሃል የእኛዋን በምን ያስታውሷታል?

የቀረኝ ሰፈሩ ነው። ያኔ ቴሌቪዥን የነበራቸው ጎረቤታችን እትዬ፣ ዳንቴል የለበሰውን ባለመዝጊያ የእንጨት ሳጥን አልረሱትም። ልጅ ሁሉ ጫማውን አውልቆ ምንጣፉ ላይ ይኮለኮላል፤ ቦታ ያጣው በመስኮት ያያል። ማን ተረት እንዳወራ አያስታውሱም። ምንጣፋቸውን ያቆሸሹትን ግን አንድ በአንድ በስም ጠሩልኝ።

እህቴ ያን ቀን ምን ለብሳ እንደነበር እማዬን ጠየቅኋት።

«ቀይ ሹራብ።»

«የእትዬ ቴሌቪዥን እኮ ጥቁርና ነጭ ነበር።»

«የሠራሁት እኔ! ቀለሙን ቴሌቪዥን ነው የሚነግረኝ?»

በመጨረሻ ሜሪላንድ ለምትኖረው እህቴ ደወልኩ። ሳቀች። «ሄጃለሁ። ግን አፌን አልከፈትኩም፤ ያወራችው አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ናት።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ምነው ዝም አልሽ?»

«ማን ጠየቀኝ?»

እውነቷን ነው፤ ስለ እሷ ስንሟገት እሷን የጠየቀ አልነበረም። እንደሚመስለኝ እማዬ አልዋሸችም። ድምፁ የሌላ ልጅ ነው፤ ዓይኗ ግን ከራሷ ልጅ አልተነቀለም። አንዲት እናት ልጇን በቴሌቪዥን ስታይ ሌላ ማንን ታያለች?

ለእማዬ ስነግራት ጥቂት አሰበች። «ይሁን» አለች፤ «ግን ያቺ ልጅ የማን ናት? አሳምራ ነበር እኮ ያወራችው።»