ሰበሰበ እና በሰበሰ

ሽንኩርት ከማሳ በብዛት በሚገባበት ሰሞን አትክልት ተራ ብትሄዱ ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን ታገኟቸዋላችሁ። ገበሬው የሰበሰበው ሽንኩርት ገዢ ካጣ ይበሰብሳል። ሰበሰበ፣ በሰበሰ። ሁለት ሰ፣ ሁለት በ፤ ሌላ ምንም የለም። የመጨረሻዋ በ ከኋላ ተነሥታ ፊት ስለቆመች ብቻ የዓመት ድካም ኪሳራ ይሆናል።

እነዚህን አራት ፊደሎች በስንት መንገድ ማሰለፍ ይቻላል? ትምህርት ቤት «ፐርሙቴሽን» እየተባለ የሚያስፈራን ነገር እዚህ ላይ በጣም ቅርብ ነው። አራቱም የተለያዩ ፊደሎች ቢሆኑ ኖሮ ለመጀመሪያው ቦታ 4 ምርጫ፣ ለሚቀጥለው 3፣ ከዚያ 2፣ በመጨረሻም 1 ይኖረን ነበር፤ ሲባዛ 24። ነገር ግን ሁለቱ ሰ አይለዩም። አንደኛውን በቀይ፣ ሌላውን በሰማያዊ እስክሪብቶ ጻፉና ቦታ አለዋውጧቸው፤ ቀለሙ ይዘዋወራል እንጂ ቃሉ ያው ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ሰልፍ ሁለት ጊዜ ቆጥረነዋል ማለት ነው። በሁለቱ በ ምክንያት ደግሞ እንደገና ሁለት ጊዜ። 24 ለሁለት፣ ያም እንደገና ለሁለት ሲካፈል 6 ይቀራል፦ ሰሰበበ፣ ሰበሰበ፣ ሰበበሰ፣ በበሰሰ፣ በሰበሰ፣ በሰሰበ።

ሕንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ባስካራ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1150 በጻፈው «ሊላቫቲ» ውስጥ ይህንኑ ጥያቄ በአኃዝ አቅርቦታል፤ 2፣ 2፣ 1 እና 1 ስንት ቁጥር ይሠራሉ? መልሱ 6 ነው፣ ልክ እንደኛ ሰበሰበ። ከዚያ አከበደውና 4፣ 8፣ 5፣ 5፣ 5 ሰጠ። አምስት የተለያዩ አኃዞች 120 ሰልፍ ይሠራሉ፤ ሦስቱ አምስቶች ግን እርስ በርሳቸው በ6 መንገድ ቢለዋወጡም ለውጡ አይታይም፤ ስለዚህ 20። ሒሳቡ ከዚህ አያልፍም። የማይታየውን መለዋወጥ ቆጥሮ በእሱ ማካፈል ነው።

ይበልጥ የሚገርመኝ ከሒሳቡ በኋላ ያለው ነው። ከስድስቱ ሰልፎች አማርኛ የወሰደው ሁለቱን ብቻ ነው፤ ሁለቱም ፊደሎቹ እየተፈራረቁ የሚመጡባቸው ናቸው። ሰሰበበ ወይም ሰበበሰ ብሎ ግስ የለም። እንዲህ የሚፈራረቁ ሌሎች ግሶችንም ሞክሩ። ቀጠቀጠን ስትገለብጡት ጠቀጠቀ ይመጣል። ለመለመ መለመለ ይሆናል፣ ጠመጠመ ደግሞ መጠመጠ። ብረት ይቀጠቀጣል፣ ጆንያ ይጠቀጠቃል፣ ሻሽ ይጠመጠማል፣ አጥንት ይመጠመጣል። እጅ ወይም አፍ አንዱን ነገር ደጋግሞ ሲሠራ ቃሉም አብሮ ይደጋግማል። ስድስቱን በወረቀት ላይ ደርድሮ ላላየ ሰው ይህ አይታየውም፤ አራቱ ባዶ ቦታዎች ናቸው የሁለቱን ምርጫ ጉልህ የሚያደርጉት።

ከመቁጠር በፊት ግን መወሰን ያለበት ነገር አለ፤ «አንድ ዓይነት ፊደል» የምንለው የትኛውን ነው? አበበ ብለን ብንጽፍ ሁለቱ በ አንድ ናቸውና 3 ሰልፍ ብቻ ይወጣል፦ አበበ፣ በአበ፣ በበአ። አበባ ብንል ግን በ እና ባ የአንድ ቤት ልጆች ሆነው ሳለ መልካቸው ይለያል፤ አንዱ ግዕዝ፣ አንዱ ራብዕ ነው። ሰልፉም 6 ይሆናል። የመንገድ ሰሌዳ ላይ የዋና ከተማችንን ስም በሁለት ጽሕፈት፣ አንዱ ከአንዱ በላይ ሆኖ ተጽፎ እናየዋለን። በግዕዙ ጽሕፈት አዲስ አበባ ስድስት ፊደል ነው፣ አ ብቻ ይደገማል፤ 720 ለሁለት ተካፍሎ 360 ሰልፍ። በላቲኑ አሥር ፊደል ነው፤ «ኤ» አራት ጊዜ፣ «ዲ» ሁለት ጊዜ፣ «ቢ» ሁለት ጊዜ ይመጣል። ይህ ሁሉ ድግግሞሽ ተቀንሶለትም 37,800 ሰልፍ ይተርፈዋል። ከተማዋ አንድ፣ ስሟ አንድ።

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ያለችው አዲስ ዓለም ደግሞ ሌላ ነገር ታሳያለች። በዐይኑ ዓ ስትጻፍ ስድስቱም ፊደሎች ይለያያሉና 720 ሰልፍ አላት። ብዙ ሰው እንደሚያደርገው «አዲስ አለም» ተብላ ስትጻፍ ግን ሁለት አ ይኖራታልና ወደ 360 ትወርዳለች። ጆሮ ልዩነቱን አይሰማም፤ ዐይን ግን ግማሹን ያጣል። ሞክሼ ፊደሎች ይቅሩ ወይስ ይቆዩ በሚለው የቆየ ክርክር ውስጥ እኔ ይቆዩ ከሚሉት ወገን ነኝ። አንዱ ምክንያቴ ይህ ነው፤ ፊደል ለጆሮ ብቻ የተሠራ አይደለም፣ ለሚያየው ሰውም ነው።

የአሜሪካ የሒሳብ መምህራን ለዚህ ትምህርት ሚሲሲፒ የሚለውን የወንዝ ስም ይወዱታል። በላቲን አሥራ አንድ ፊደል ስለሆነና ሦስት ፊደሎቹ ስለሚደጋገሙ 34,650 ሰልፍ ይወጣዋል። በእኛ ፊደል ሚ፣ ሲ፣ ሲ፣ ፒ ብቻ ነው፤ 12። ስለዚህ ለእኛ ልጆች ሚሲሲፒን ከማስተማር ሰበሰበን ማስተማር ይሻላል፤ ስድስቱንም በአንድ መስመር ጽፈው በዐይናቸው ያያሉ፣ ከዚያም የትኞቹ ቃል እንደሆኑ ራሳቸው ይለያሉ።

በስምንተኛው መቶ ዘመን በባስራ የኖረው የዓረብኛ ሊቅ አል ኸሊል ኢብን አሕመድ መዝገበ ቃላቱን «ኪታብ አል ዐይን»ን ያደራጀው በዚሁ መንገድ ነበር። ሦስት ፊደሎች ይወስድና ስድስቱንም ሰልፋቸውን አንድ ላይ ያስቀምጣል፤ ከዚያ የትኛው በሥራ ላይ እንዳለ፣ የትኛው እንደተተወ ይለያል። ቋንቋን እንዲህ ከነባዶ ቦታው የሚያይ ሰው ያስቀናኛል። የእሱን መንገድ ይዘን ቀ፣ ለ፣ ጠን ብንደረድራቸው ቅቤው ቀለጠ፣ ሥራው ቀጠለ፣ ጀልባው ጠለቀ፣ አንዱ ሌላውን ለጠቀ። ከስድስቱ አራቱ በየቀኑ አፋችን ላይ አሉ። ሁሉም ሦስት ፊደል እንዲህ ለጋስ አይደለም፤ መ፣ ከ፣ ረን ብትደረድሩ መከረ፣ ከረመ፣ ከመረ ታገኛላችሁ፣ ሌሎቹ ግን ቶሎ አይመጡም።

ድግግሞሹም የራሱ ደንብ አለው። ጆሴፍ ግሪንበርግ የተባለ አሜሪካዊ የቋንቋ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950 የሴም ቋንቋዎችን ሥሮች ፈትሾ፣ የመጀመሪያውና የሁለተኛው ፊደል አንድ የሆነበት ሥር ከሞላ ጎደል እንደማይገኝ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው አንድ የሆኑበት ግን ብዙ እንደሆነ አሳየ። አማርኛ ቀቀለን የመሰለ ጥቂት ቃል ቢኖረውም አካሄዱ ያው ነው፤ ወደደ፣ ከበበ፣ ቀለለ፣ አበበ። ድርብ ፊደል ከፊት ሳይሆን ከኋላ ሲመጣ አፍ ይቀበለዋል። ከቀለጠና ከጓደኞቹ ሰልፍ ጠቀለ ብቻውን ቃል አይሆንም፤ መጨረሻው ላይ አንድ ለ ጨምሩለትና ጠቀለለ ይሆናል። አራት ፊደል፣ አንዱ ሁለት ጊዜ፣ 12 ሰልፍ።