የጋሼ ዓይንና የኛ ብሎን

ቨርጂኒያ ውስጥ ስድሳ ዓመት ያለፈው ሐበሻ ቅዳሜ ጠዋት የት ይገኛል ብትባሉ "ቤተክርስቲያን" ወይ "ቡና ቤት" ትሉ ይሆናል። የኛ አጎት ግን ተኩስ መለማመጃ ነው የሚገኙት። እዚያ አገር በሽጉጥ አጋዘን ማደን ይፈቀዳል። ጋሼ ያላቸውም .44 ማግነም የሚጎርስ፣ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 629 የሚባል ስድስት ጎራሽ ነው።

አምና ግን ዓይናቸው አስቸገረ። በተራው ማነጣጠሪያ ለመተኮስ የኋላውን ስንጥቅ፣ የፊቱን ጉጥና ዒላማውን ባንድ መስመር ማየት ያስፈልጋል፤ ዕድሜ የገፋ ዓይን ደግሞ ሩቁን ሲይዝ ቅርቡ ይደበዝዝበታል። "አቁስዬ ከምለቀው ብተወው ይሻላል" አሉ። እኛ እህትማማቾቹ አዋጥተን ቴሌስኮፕና መቀመጫውን ገዛንላቸው። (የሽጉጥ ቴሌስኮፕ ከጠመንጃው ይለያል። ክንድ ተዘርግቶ ስለሚታይበት ከዓይን ርቆም እንዲያሳይ ተደርጎ ነው የሚሠራው። የጠመንጃውን ብትሰቅሉበት ጥቁር ጥላ እንጂ አጋዘን አታዩም።)

መቀመጫውን ጋሼ "ኮርቻው" ነው የሚሉት። ሽጉጡ ባዶ መሆኑን ሁለቴ ከፍተን አየን። የኋላ ማነጣጠሪያውን ስናነሳ ከሥሩ ፋብሪካው ራሱ የበሳቸው ቀዳዳዎች ተገኙ። ኮርቻውን አስቀመጥን፣ ብሎኖቹን ጠመዘዝን፣ ቴሌስኮፑን በቀለበቶቹ አሰርን። ግማሽ ሰዓት! አብሮ የመጣውን ወረቀት ማን ያነባል? ጋዜጠኝነት የተማርነው እኛ፣ "ምንጫችሁን አንብቡ" እየተባልን የተመረቅነው እኛ፣ አጣጥፈን ወደ ካርቶኑ መለስነው።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጥይቶች 50 ያርድ ላይ አንድ ሳህን በምታክል ክብ ውስጥ ገቡ። አራተኛው ወጣ። ስድስተኛው ወረቀቱንም አላገኘው። ጋሼ ሽጉጡን ባዶ አድርገው ወደ ቦርሳው መለሱና "በቃ፣ ዓይኔ ነው" አሉ። መኪና ውስጥ ሬዲዮ እንኳን አልከፈቱም።

ማታ ቴሌስኮፑን ነካ ብናደርገው ተወዛወዘ።

ነገሩ እንዲህ ነው። .44 ሲተኮስ ሽጉጡ ወደኋላ ይረግጣል፤ ከባዱ ቴሌስኮፕ ግን ባለበት ልቆይ ይላል። ያ ሁሉ ጉልበት የሚያርፈው ጥፍር በሚያካክሉ ብሎኖች ላይ ነው፤ ዘይት ካለባቸው ደግሞ ቀስ እያሉ ይላላሉ። ወረቀቱን ፈልገን አወጣን፦ ዘይቱን በአልኮል ጥረጉ፣ ጥርሱ ላይ ሰማያዊውን የብሎን ማጣበቂያ ጠብ አድርጉ፣ በልክ አጥብቁ፣ አንድ ቀን አሳድሩት። ከአራቱ አንዱንም አላደረግንም።

እናላችሁ፣ ሳንነግራቸው ጠግነን ዝም ልንል ነበር። ማን ያውቃል? ቅዳሜ ይተኩሳሉ፣ ይመታሉ፣ "ዓይኔ ተሻለኝ" ይላሉ፣ እኛም እንስቃለን። ግን ጋሼ በስልክ ለጓደኛቸው ሽጉጡን ሊሸጡት እንደሆነ ሲያወሩ ሰማናቸው። በዚያ ላይ ጊዜ የለም። የአደኑ ወቅት በኖቬምበር አጋማሽ ይከፈታል፣ የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ በመሃል ያለችው አንድ ሳምንት ግድም ናት።

ጠዋት ነገርናቸው። ብዙ ዝም አሉ። ዝምታው ከቁጣ ይብሳል፤ አንድ ሌሊት ሙሉ ዓይናቸውን ሲከስሱ አድረዋላ!

"ወረቀቱን አምጡልኝ" አሉ በመጨረሻ።

የንባብ መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች ጮክ ብለው አነበቡልን። እኛ አንገታችንን ደፍተን ብሎን እንጠርጋለን።

በቀጣዩ ቅዳሜ ስድስቱም ሳህኗ ውስጥ ገቡ። ጋሼ ከዚያ ወዲህ ከመተኮሳቸው በፊት ኮርቻውን በጣታቸው ነካ ያደርጋሉ። ከዚያ ዞር ብለው እኛን ያያሉ።