የአሮጌው ደጃፍ ቀለም

በቦንጋ ከተማ፣ በአንድ ቀይ አፈር መንገድ ዳር አንድ አሮጌ ቤት ነበር። ግድግዳው የእንጨትና የጭቃ ሥራ፣ ክዳኑ የዛገ ቆርቆሮ ሲሆን፣ መዝጊያው በመጥረቢያ ከተጠረበ ወፍራም የዋንዛ ሳንቃ የተሠራ ነው። የክረምቱ ዝናብና የበጋው ፀሐይ ሲፈራረቁበት ኖረው እንጨቱን አመድማ አድርገውታል። አንድ የሥዕል መምህር ወደ ሥራው ሲሄድ ዘወትር በዚህ ደጃፍ ያልፍ ነበር። ቤቱ ፈርሶ በብሎኬት ሊተካ መሆኑን የሰማ ዕለት በእጅ ስልኩ ፎቶግራፍ አነሣው፤ ሸራም ወጠረ።

ለዚህ ያነሣሣው ምክንያት ነበረው። በከፋ ምድር ሰው ቤቱን የሚሠራው በእንጨት፣ በቀርከሃና በሣር ነበር፤ እንዲህ ያለው ሥራ ደግሞ እንደ ድንጋይ ዘመናትን አይሻገርም። የከፋ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1897 ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾ ተማርከው ሲያከትም፣ የዘመኑ አኗኗር ምስክርም አብሮ ተመናመነ። ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ቢበር እ.ኤ.አ. በ1905 ወደ ስፍራው ተጉዞ ያየውንና የጠየቀውን በሁለት ቅጽ ባያሳትም ኖሮ፣ ከዚያ ዘመን ብዙ ነገር ሳይመዘገብ በቀረ ነበር። መምህሩም ይህን በማሰብ ደጃፉ ሳይሳል እንዳይጠፋ ቆረጠ።

የሠራው በአክሪሊክ ነው። አክሪሊክ በውኃ የሚቀጥን፣ ከዘይት ቀለም ይልቅ ፈጥኖ የሚደርቅ፣ ሲደርቅም ጥቂት የሚጠቁር ቀለም ነው። ለአሮጌ እንጨት እጅግ ይስማማል። አስቀድሞ ጥቁር ቡናማ ይቀባል፤ በላዩ ስስ ግራጫ ይደረባል፤ በመጨረሻም ነጣ ያለ ቀለም በደረቅ ብሩሽ ሲዳሰስበት የእንጨቱ ጅማትና ስንጥቅ ብቅ ይላል። በሦስተኛው ሳምንት ሥዕሉ ፎቶግራፉን ቁርጥ መሰለ። ከምስማሮቹ ሥር የወረደው የዝገት መስመር እንኳ አልቀረም።

መምህሩ ሥዕሉን ለቤቱ ባለቤት ይዞ ሄደ። አዛውንቷ ዝም ብለው ተመለከቱት።

«እማማ፣ አልመሰለም?» አላቸው።

«መስሏል ልጄ። ግን ሰው እንደሌለበት ቤት ለምን ዘጋኸው? እኔ እቤት እያለሁ ይህ ደጅ በቀን ተዘግቶ አያውቅም።»

ፎቶግራፉ የተነሣው እሳቸው ገበያ በሄዱበት ሰዓት ነበር። መምህሩ ወደ መቃኑ ቀረበ። በፎቶግራፉ ላይ ጥላ መስሎት በጥቁር የሞላው ቦታ ጥላ አልነበረም። ጎንበስ ብሎ የሚገባ ሁሉ እየተደገፈው በእጅ ብዛት የለሰለሰና ያብረቀረቀ እንጨት ነበር። ደጃፉን ያስረጁት ዝናብና ፀሐይ ብቻ አልነበሩም።

አሁን ከባድ ምርጫ ገጠመው። የደረቀ አክሪሊክ በውኃ አይታጠብም፤ መዝጊያውን ለመክፈት ሦስት ሳምንት የደከመበትን፣ ባልደረቦቹ ያደነቁለትን ስንጥቅ አብዛኛውን በአዲስ ቀለም መሸፈን ነበረበት። በሌላ በኩል የቤቱ ውስጥ በፎቶግራፉ ላይ የለም። ስለሆነም ለተከታታይ ቀናት ከአዛውንቷ ምድጃ አጠገብ ተቀመጠ። ከደጅ የሚገባው ብርሃን ጀበናው ላይ እንዴት እንደሚያርፍ፣ ጢሱ በየት በኩል እንደሚወጣ፣ ጎረቤት ሲገባ እጁን የት እንደሚያሳርፍ ተመለከተ። ከዚያም ብሩሹን አንሥቶ ሸፈነው።

ፎቶግራፍ ለሠዓሊ ታማኝ ረዳት ነው፤ ሆኖም የሚመሰክረው ስለ አንዲት ቅጽበት ብቻ ነው። የዘመናትን ታሪክ የሚያውቀው የቤቱ ሰው ስለሆነ፣ የባህል ቅርስን በሥዕል ለማቆየት የሚነሣ ሁሉ ከመሣሉ በፊት ሊጠይቅ ይገባዋል።

ቤቱ ዛሬ የለም። ሥዕሉ በአዲሱ የብሎኬት ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አዛውንቷም እንግዳ ሲመጣባቸው ከሁሉ አስቀድመው የሚያሳዩት መቃኑን ነው፤ «እዚህ ጋ ነበር የሚይዙት» ይላሉ።