ለእንቅልፍ ተጽፎ እንቅልፍ የሚነሳ

ዲሲ ያለ አንድ ወዳጄ ከሥራ ሲወጣ እኔ ጋ እኩለ ሌሊት ይሆናል። ቴሌግራሜ የሚንጫጫው ያኔ ነው። «ይሄኛውን ስማና ፍረድ!» የምንጨቃጨቀው ሁልጊዜ በአንድ ሥራ ነው፤ በአቀናባሪው በባኽ «ጎልድበርግ ቫሪየሽንስ»። የሚያስቀው፣ የሥራው መነሻ እንቅልፍ ማጣት ነው መባሉ።

ወሬውን ያወረሰን ፎርከል የሚባል ጀርመናዊ ነው። በ1802 (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው) ባሳተመው የባኽ የሕይወት ታሪክ እንደሚለው፣ በሳክሶኒ ቤተ መንግሥት የሩሲያ አምባሳደር የነበሩት ካውንት ካይዘርሊንክ እንቅልፍ እምቢ ሲላቸው፣ ቤታቸው የሚኖረው ወጣቱ ጎልድበርግ ከጎን ክፍል ሆኖ ሃርፕሲኮርድ የሚባለውን ፒያኖ መሰል የድሮ መሣሪያ ይጫወትላቸዋል። ሌሊቱን የሚያቀልላቸው ነገር እንዲጽፍ ባኽን ይጠይቁታል። ባኽም አንድ ዜማ ይዞ 30 ጊዜ መልኩን እየለዋወጠ ይጽፍላቸዋል። ሽልማቱ 100 የወርቅ ሳንቲም የሞላበት የወርቅ ዋንጫ!

ያምራል። ግን ሥራው በ1741 ኑረምበርግ ላይ ሲታተም በፊት ገጹ የካውንቱም የጎልድበርግም ስም አልነበረም። ይህን ያህል ወርቅ የሰጠ ጌታ እንዲህ ይረሳል? ጎልድበርግስ ቢሆን ያኔ ገና 14 ዓመት ገደማው ነው። እኔ ፎርከልን ብዙም አላምነውም፤ ጥሩ ወሬ የሚያበላሽ አጣሪ ግን አልወድም።

የጭቅጭቁ መነሻ ግን ካውንቱ ሳይሆኑ ሸክላ ነው። ሸክላ ሳይመጣ የትናንቱን አጨዋወት ከዛሬው ጎን አስቀምጦ የሚፈርድ አልነበረም። ዋንዳ ላንዶፍስካ የምትባል ተጫዋች በ1933 ፓሪስ ላይ የባኽን ሥራ በሃርፕሲኮርድ ቀዳችው። በ1955 ደግሞ ግሌን ጉልድ የሚባል የ22 ዓመት ካናዳዊ፣ አባቱ እግሩን ቆርጠው ያሳጠሩለትን ወንበር ተሸክሞ፣ ኒውዮርክ ውስጥ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን የነበረ ስቱዲዮ ገባ። ድግግሞሹን ዘልሎ ሁሉንም በ38 ደቂቃ ተኩል ገደማ በፒያኖ ጨረሰው። በ1981 እዚያው ስቱዲዮ ተመልሶ እንደገና ቀዳው፤ አሁን 51 ደቂቃ ፈጀበት። የመክፈቻው ዜማ ብቻ ከሁለት ደቂቃ በታች የነበረው ሦስት ደቂቃ አለፈ። በሁለቱም ላይ ሲያንጎራጉር ይሰማል፤ ዝም ማለት አይችልም ነበር። ሁለተኛው ሸክላ ለገበያ በወጣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ፣ በ50 ዓመቱ ሞተ።

እኔ የ1981ዱ ወገን ነኝ። እያንዳንዱ ድምፅ ታስቦበት የወጣ ነው። ወዳጄ «እርጅና ተጫጭኖህ ነው» ይለኛል፤ እሱ የ1955ቱን ፍጥነት ይወዳል። ያን ሩጫ ካይዘርሊንክ ቢሰሙት ኖሮ ጎልድበርግ በማግስቱ ሌላ ጌታ ይፈልግ ነበር እላለሁ። አይሰማኝም። ትናንት ደግሞ የፒያኖ ተጫዋቿን የሮዛሊን ትዩሬክን የ1957 ቅጂ ላከልኝ። ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ነው፤ የከፈትኩት ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ።