የጊዜ ቃላት ብቻቸውን አይሄዱም

ዘመድ ከውጭ ሊመጣ ነው እንበል። ይደውልና አማርኛውን ከእንግሊዝኛው ቀላቅሎ «ዓርብ ቱ ኢን ዘ ሞርኒንግ ቦሌ እደርሳለሁ» ይላል። ተቀባዩ የሰማቸውን ቃላት በሙሉ ያውቃቸዋል፤ ዓርብ፣ ሁለት፣ ጠዋት። ስለዚህ ዓርብ በማለዳ ተነሥቶ፣ ቁርሱን ቀማምሶ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ አየር ማረፊያው በር ላይ ይገኛል። እንግዳው ግን ያረፈው ለዓርብ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው። ሻንጣው ላይ ተቀምጦ ስድስት ሰዓት ሙሉ ጠብቋል።

ደዋዩም ተቀባዩም እውነታቸውን ነው። እንግሊዝኛ ቀኑን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ስለሆነ ከዚያ ወዲህ ያለውን ሰዓት፣ ድቅድቅ ጨለማም ቢሆን፣ «ኢን ዘ ሞርኒንግ» ይለዋል። እኛ ዘንድ ጎሕ ሳይቀድ ጠዋት የለም። በዚያ ላይ የሰዓት አቆጣጠራችን በስድስት ይራራቃል። ሁለቱ ልዩነቶች ሲደራረቡ፣ እያንዳንዱን ቃል የሚያውቅ ሰው እንኳ መልእክቱ ያመልጠዋል።

አንባቢዬ፣ ዛሬ እንድናወጋ የፈለግሁት ስለዚሁ ነው። እንግሊዝኛ ስንማር የቀናቱን ስም፣ የወራቱን ስም፣ ጠዋትና ማታውን አንድ በአንድ ሸምድደናል። የጊዜ ቃላት ግን ከነባልንጀራቸው ካልተያዙ ቀጠሮ ያበላሻሉ፣ ማመልከቻ ያስቀራሉ፣ ሰው ያስቀይማሉ። ደግሞ ባልንጀሮቻቸውን በቀላሉ የሚይዘው የራሱን የአማርኛውን ጊዜ አጥርቶ የሚያውቅ ሰው ነው ብዬ አምናለሁ።

ከሰዓቱ እንጀምር። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከፀሐይ መውጣት ነው። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ቀንና ሌሊቷ ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይበላለጡም፤ ፀሐይ ስትወጣ አንድ ብሎ መጀመር ያስኬዳል። ለንደን ላይ ይህ አይሆንም። በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው በእነሱው አቆጣጠር 8 ሰዓት ገደማ ነው፤ 4 ሰዓት ሳይሞላም ትጠልቃለች። በበጋቸው ደግሞ ሰው ከእንቅልፉ ሳይነሣ ወጥታ ታድራለች ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ የእኛው አቆጣጠር እንግሊዝኛው ውስጥም አሻራው አለ። እንግሊዞች ነገር ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ በመጨረሻው ደቂቃ ለተደረገ ነገር «አት ዚ ኢለቨንዝ አወር» ይላሉ፤ በአሥራ አንደኛው ሰዓት ማለት ነው። ምንጩ በማቴዎስ ወንጌል ያለው የወይን አትክልት ሠራተኞች ምሳሌ ነው። አንድ የለንደን ልጅ 11 ሰዓት ሲባል ረፋዱ ነው የሚታየው፤ ለምን የመጨረሻ ሰዓት እንደተባለ ካልተነገረው አይገባውም። አንተና አንቺ ግን አስተማሪ አያስፈልጋችሁም። 11 ሰዓት ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ሲቀራት ነው፤ የቀን ሠራተኛ ዕቃውን የሚሰበስብበት ሰዓት ነው። «ኑን» የሚሉት የቀትር ስምም እንዲሁ ከላቲን ዘጠነኛ ሰዓት የመጣ ነው። ድሮ ከፀሐይ መውጣት ተቆጥሮ 9 ሰዓት ላይ የነበረው ስም በመካከለኛው ዘመን እየተሳበ ወደ እኩለ ቀን መጣ። በአገራችን በጾም ቀን እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ምእመን ያንን የጥንቱን ሰዓት ዛሬም በቦታው ይዞታል።

አሁን ወደሚያስቸግረን እንሂድ፤ «በ»። አማርኛ በዚህች በአንዲት ፊደል ሁሉን ይጨርሳል፤ በ3 ሰዓት፣ በዕለተ ሰኞ፣ በመስከረም፣ በ1966፣ በሌሊት። እንግሊዝኛ ሥራውን ለሦስት አከፋፍሎታል። ለሰዓት «አት»፣ ለዕለት «ኦን»፣ ለወርና ለዓመት «ኢን»፤ «አት ናይን»፣ «ኦን ማንደይ»፣ «ኢን ሴፕቴምበር»። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ «ኢን» ይወስዳሉ፣ ሌሊት ግን «አት ናይት» ነው። ጠዋቱ የዕለት ስም ከተጫነው «ኦን» ይቀድማል፤ «ኦን ማንደይ ሞርኒንግ»። «ኔክስት»፣ «ላስት»፣ «ዚስ» ወይም «ኤቭሪ» ከመጡ ደግሞ ሦስቱም ይወጣሉ፤ «ኔክስት ማንደይ» ብቻ በቂ ነው። ቅዳሜና እሁድን በተመለከተ ለንደን ያለው ዘመድህ «አት ዘ ዊክኤንድ»፣ ዋሽንግተን ያለው «ኦን ዘ ዊክኤንድ» ቢሉህ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ እንደየአገራቸው ነው።

«በፊት»ም ብዙ ሰው ያደናቅፋል። «ከሁለት ዓመት በፊት ተመረቅሁ» ለማለት «ቢፎር ቱ ይርስ» የሚለው አነጋገር በየቢሮው ይሰማል። ከዛሬ ወደ ኋላ ሲቆጠር እንግሊዝኛ የሚፈልገው «ቱ ይርስ ኧጎ» ነው፤ ቁጥሩ ይቀድማል፣ «ኧጎ» ይከተላል። «ቢፎር» የሚሠራው ከአንድ ከታወቀ ነገር በፊት ሲባል ነው፤ ከፋሲካ በፊት፣ ከምሳ በፊት። ወደፊት ሲሆንም እንደዚሁ፤ «ከሁለት ቀን በኋላ እመጣለሁ» የሚለው «ኢን ቱ ዴይስ» ነው። ለጀማሪ ይህ «ኢን» «በሁለት ቀን ውስጥ» ይመስለዋል፤ ያ ግን «ዊዚን ቱ ዴይስ» ነው።

«የዛሬ ሳምንት»ን ልብ በሉልኝ። «የዛሬ ሳምንት ተገናኝተን ነበር» እንላለን፤ «የዛሬ ሳምንት እንገናኛለን»ም እንላለን። ወዴት እንደሚያመለክት የሚነግረን ግሱ ነው። እንግሊዝኛ አቅጣጫውን ከሐረጉ ጋር አብሮ ያስራል፤ ላለፈው «ኤ ዊክ ኧጎ»፣ ለሚመጣው «ኤ ዊክ ፍሮም ቱዴይ»። በሌላ በኩል እነሱም የሚምታታባቸው አለ። ማክሰኞ ላይ ሆኖ «ኔክስት ፍራይደይ» የሚል ሰው አንዳንዱ የፊታችንን ዓርብ፣ አንዳንዱ የሚቀጥለውን ሳምንት ዓርብ ማለቱ ነው። «ባይዊክሊ» ደግሞ በሳምንት ሁለት ጊዜም፣ በየሁለት ሳምንቱም ይሆናል። እንዲህ ያለውን ስትሰሙ ቀኑን በቁጥር መጠየቅ ነውር የለውም፤ የቋንቋው ባለቤቶችም ይጠይቃሉ።

ዋጋ የሚያስከፍለው ግን «እስከ» ነው። «እስከ ዓርብ አስገቡ» እና «እስከ ዓርብ እጠብቃለሁ» በእኛ አንድ ናቸው፤ በእንግሊዝኛ ለየብቻ ናቸው። ዓርብ ከማለፉ በፊት አንድ ጊዜ የሚደረግ ነገር «ባይ ፍራይደይ» ይባላል። እስከ ዓርብ ድረስ ሳይቋረጥ የሚቆይ ነገር «አንቲል ፍራይደይ» ነው። ለነፃ የትምህርት ዕድል የምታመለክት ተማሪ «ዶክመንቶቼን አንቲል ፍራይደይ እልካለሁ» ብላ ብትጽፍ፣ አንባቢው እስከ ዓርብ እየደጋገመች ልትልክ ነው ብሎ ይረዳል። ማስታወቂያው ላይ «12 ኤኤም» ከተጻፈ ደግሞ የበለጠ መጠንቀቅ ነው። «12 ኤኤም» እኩለ ሌሊት ነው፤ በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት። «ዓርብ 12 ኤኤም» ማለት ለዓርብ አጥቢያ፣ ሐሙስ ማታ ስናመሽ ያለው ሰዓት ነው፤ ዓርብን ሙሉ ቀን አለኝ ብላ የተቀመጠች ልጅ አለቀላት። ብዙ ተቋማት «11፡59 ፒኤም» ብለው መጻፍን የመረጡት ይህን ግራ መጋባት ለማስቀረት ነው።

ወደ ግሶቹ ስንሄድ አማርኛችን ያኮራኛል። አደረ፣ ዋለ፣ አመሸ፣ ሰነበተ፣ ከረመ፣ ባጀ። ሌሊቱ፣ ቀኑ፣ ምሽቱ፣ ሰሞኑ፣ ክረምቱ፣ በጋው እያንዳንዱ የራሱ ግስ አለው። እንግሊዝኛ ለዚህ ሁሉ አንድ ግስ ይዞ ጊዜውን ይቀያይራል፤ «ስፔንድ ዘ ናይት»፣ «ስፔንድ ዘ ዴይ»፣ «ስፔንድ ዘ ሳመር»። ግሱ ገንዘብ የሚወጣበት ግስ ነው። ጊዜ እንደ ገንዘብ ይቆጠባል፣ «ሴቭ ታይም»፤ ይባክናል፣ «ዌስት ታይም»። አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን በፈረንጆቹ 1748 ለአንድ ወጣት ነጋዴ በጻፈው ምክር ጊዜ ገንዘብ መሆኑን ሲያስተምር ይህንኑ አስተሳሰብ ነው ያጸናው። ስለዚህ እንግሊዝኛ ስትናገሩ «አደርኩ» የሚል አንድ ቃል ፍለጋ አትድከሙ፤ ግሱንና ጊዜውን አንድ ላይ ያዙ።

ሰላምታውም የዚሁ ዘመድ ነው። ማታ ሰው ቤት ስትገቡ «እንደምን አመሻችሁ» የሚለውን የሚተካው «ጉድ ኢቭኒንግ» ነው። «ጉድ ናይት» የስንብት ነው፤ «ደህና እደሩ» ማለት ነው። በር ላይ «ጉድ ናይት» ብሎ የሚገባ እንግዳ ሳይቀመጥ የተሰናበተ ይመስላል።

ታዲያ እንዴት ይለመድ? ልጆቻችሁን ስታስተምሩ «ማንደይ» ብቻ አታስጽፏቸው፤ «ኦን ማንደይ»፣ «ኔክስት ማንደይ»፣ «ባይ ማንደይ» ብላችሁ ከነወገኑ አስጽፏቸው። እናንተም ማታ ማታ የነገ ውሏችሁን በሦስት ዐረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ጻፉት፤ አንዱ ሰዓት፣ አንዱ ዕለት፣ አንዱ የመጨረሻ ቀን ይኑረው። ከውጭ ሰው ጋር ቀጠሮ ስትይዙ የዕለቱን ስም፣ ቀኑን በቁጥር፣ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፋችሁ ላኩ፤ ወሩንም በስሙ ጻፉት፣ 5/6 ለእንግሊዙ ሰኔ 5፣ ለአሜሪካዊው ግንቦት 6 ነውና፤ ያውም በፈረንጆቹ። ይህን ለመጻፍ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። የሰው ጊዜ የምናከብረው ከመድረሳችን በፊት ነው፤ ቀጠሮውን በጠራ ቃል ስንይዝ።